በ700 ዶላር የቤተሰብ በጀት የመጀመሪያው የዓሣ ማጥመጃ ካያክ የቱ ይሁን?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሐዋሳ ስላደግሁ ዓሣ ማጥመድ ከልጅነቴ የማውቀው ነገር ነው። እዚህ ግን ከዳር ቆሞ መወርወር ሰለቸኝና ካያክ የሚባለውን በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ ልገዛ አስቤያለሁ። ለሁሉም ነገር ከ700 ዶላር በላይ ማውጣት አልችልም። አንድ ሱቅ ውስጥ ‹የዓሣ ማጥመጃ› የተባለ ባለ10 ጫማ አዲስ ካያክ በ450 ዶላር አየሁ። እስከ 275 ፓውንድ ይሸከማል ይላል። እኔ 195 ፓውንድ ነኝ፣ የ7 ዓመቱ ልጄ 55 ነው። ከፊቴ አስቀምጬው እንሄዳለን ብዬ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ በአየር የሚሞላውን በ200 ዶላር ግዛ ይለኛል። ዋና ብዙም አልችልም፤ ባለቤቴም በዚህ የተነሳ ሐሳቡን አልወደደችውም። የቱን ልግዛ?»

የ450 ዶላሩን ካያክ አትግዛው። ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ አንተ የምትፈልገው ግን ልጅህን ይዘህ መውጣት ነው።

ሂሳብህን ላስላልህ። አንተ 195፣ ልጅህ 55፤ ዘንጉ፣ የመንጠቆ ሳጥኑ፣ ውሃውና ምሳው 25 ፓውንድ ቢሆን ድምሩ ልክ 275 ይመጣል። ወረቀት ላይ ገጠመ። ውሃ ላይ ግን አይሠራም። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለብህ። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃው) ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ስንት እንደሚሸከሙ የሚገልጽ የአቅም ሰሌዳ እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ ካያክ ግን እዚህ ደንብ ውስጥ የለም። የካያክን ቁጥር የሚያወጣው አምራቹ ራሱ ነው። አንዱ ተጠንቅቆ ያወጣዋል፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ። ደግሞም ቁጥሩ የሚነግርህ ካያኩ እስከ ስንት ፓውንድ ድረስ እንደሚንሳፈፍ እንጂ እስከ ስንት ድረስ በደንብ እንደሚሄድ አይደለም። ወደ ከፍተኛው ስትጠጋ ካያኩ ወደ ታች ይወርዳል። ወለሉ ላይ ባሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በኩል ውሃ ሽቅብ እየመጣ መቀመጫህን ያርሰዋል። መቅዘፍ ይከብዳል፣ የሚያልፍ ጀልባ ያስነሳው ትንሽ ማዕበል ሁሉ ይገባብሃል።

በዚህ ሥራ ያለን ሰዎች የምንከተለው ልማድ ከተጻፈው ቁጥር 70 በመቶው ላይ ማቆም ነው። የ275 70 በመቶ 192 ተኩል ገደማ ነው። ልጁ ሳይሳፈር፣ ዘንጉ ሳይጫን፣ አንተ ብቻህን አልፈኸዋል።

ክብደቱ ባይኖር እንኳ ቦታው አይፈቅድም። ባለአንድ መቀመጫ ካያክ ሚዛኑ የተሠራው አንድ ሰው መሐል ላይ ተቀምጦ እንዲቀዝፍ ነው። ልጅ እግሮችህ መሐል ሲቀመጥ አፍንጫው ወደ ውሃው ይደፋል፣ ኋላው ይነሳል፣ ነፋስ ሲመጣ ካያኩን ወደፈለገበት ያዞረዋል። መቅዘፊያህ የልጁን ጭንቅላት ይመታል። ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ዓሣ ሲያዝ ለማየት ወደ ጎን ጎንበስ ይላል። አንተም በዚያው ቅጽበት በዚያው በኩል ጎንበስ ብለሃል። መገልበጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። ዋና የማይችል አባት፣ የ7 ዓመት ልጅ፣ መንጠቆና ክር አንድ ላይ ውሃ ውስጥ ሲገቡ አስበው። ባለቤትህ የፈራችው ይህንን ከሆነ ልክ ናት።

አሁን «የዓሣ ማጥመጃ» ወደሚለው ጽሑፍ እንምጣ። በርካሹ ገበያ ውስጥ በዚህ ስም የሚሸጠውና ተራው ካያክ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት አካል ነው ያላቸው። ልዩነቱ ሁለት የዘንግ መያዣ፣ አንድ ማንጠልጠያ፣ አንዳንዴም የጭቃ ቀለም ነው። ለዚህ ብለህ 100 ዶላር አትጨምር። የፕላስቲክ የወተት ሳጥን ፈልግ፣ ከመቀመጫህ ጀርባ በላስቲክ ገመድ እሰረው። ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ የፒቪሲ ቱቦ ግዛ፣ አንድ ጫማ ያህል እየቆረጥክ በሳጥኑ ማዕዘኖች ላይ በዚፕ ታይ አጥብቀው። ዘንጎችህ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ መንጠቆው፣ መቆንጠጫውና ትሉ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ዕድሜ ልካቸውን በካያክ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰዎችም ይህንኑ ሳጥን ነው የሚጠቀሙት። የጭቃ ቀለሙ እንዲያውም ጉዳት አለው። የሞተር ጀልባ የሚነዳው ሰው በሩቁ እንዲያይህ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ ይሻልሃል። ዓሣው ከላይህ ያለውን ቀለም አይመርጥም።

ጓደኛህ የመከረህ በአየር የሚሞላ ካያክ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ግን ላንተ አይሆንም። ሰው ሁሉ የሚፈራው መበሳቱን ነው። ጥሩዎቹ ወፍራም ናቸው፣ የተለያዩ የአየር ክፍሎች ስላሏቸው አንዱ ቢበሳ ሌላው ያንሳፍፋል። የ200 ዶላሮቹ ግን ስስ ናቸው። የዚህ አገር አምባዛ ደግሞ በጀርባውና በጎኖቹ ክንፍ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ጠንካራ እሾህ አለው፤ ወለሉ ላይ ሲንፈራገጥ ምን እንደሚሆን መገመት ትችላለህ። ከዚያ የሚብሰው ነፋስ ነው። ውሃው ላይ ከፍ ብሎ ስለሚንሳፈፍ መጠነኛ ነፋስ ይወስደዋል፤ አንተ መንጠቆህን ስትከታተል ራስህን ሐይቁ ማዶ ታገኘዋለህ። ቤት ስትመለስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ከተጠቀለለ ይሻግታል። አንዳንድ ሐይቆችም በአየር የሚሞላ ጀልባ አያስገቡም፤ ከመግዛትህ በፊት የምትሄድበትን ፓርክ ደንብ ማየት ግድ ነው። አፓርታማ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖርና ጋራዥ የሌለው ሰው ቢጠይቀኝ ግን ሌላ መልስ እሰጠው ነበር፦ ገንዘብ አጠራቅመህ ወፍራሙን ግዛ።

እንደ ብስክሌት በእግር የሚነዳውን ካያክ አላነሳህም፣ እኔም አላቆይህም። ሁለቱም እጅ ነፃ ስለሚሆን ለአጥማጅ ደስ ይላል። ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ በሺዎች ነው። ለጊዜው እርሳው።

ትልቁ ምርጫ ያለው ውስጡ ገብተው በሚቀመጡበትና ላዩ ላይ በሚቀመጡበት ካያክ መሐል ነው። ውስጡ የሚገባበት ይሞቃል፣ ብዙ ጊዜ ይቀላል፣ ርካሽም ይገኛል። ግን ከተገለበጠ ውሃ ይሞላል። ውሃ የሞላውን ካያክ ከዳር ርቀህ ባዶ ማድረግ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ለጀማሪ የማይታሰብ ነው። ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ግን የተዘጋ አካል ነው። ቢገለበጥ መልሰህ ቀና ታደርገዋለህ፣ ውሃው በቀዳዳዎቹ ወርዶ ያልቃል፣ ተመልሰህ ትወጣበታለህ። ዋና በደንብ ለማይችል ሰው ይህ ልዩነት ከዋጋም፣ ከምቾትም፣ ከፍጥነትም ይበልጣል። ስለዚህ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ብቻ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

እንግዲህ የምመክርህ ይህንን ነው፦ ያገለገለ፣ ባለ12 ጫማ፣ ለሁለት ሰው የተሠራ፣ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት፣ መሐሉም ላይ ሦስተኛ መቀመጫ ያለው ካያክ። ሦስተኛው መቀመጫ ነው ቁልፉ። ከልጅህ ጋር ስትሄድ እሱ ከፊት፣ አንተ ከኋላ። ብቻህን ስትሄድ መቀመጫውን ወደ መሐል ታመጣና እንደ ባለአንድ ሰው ትቀዝፈዋለህ። በዚህ ዓይነት ታዋቂው ኦሽን ካያክ የሚሠራው ማሊቡ ቱ ነው። 12 ጫማ ርዝመት፣ 34 ኢንች ስፋት አለው፤ አምራቹ የሚሰጠው የመሸከም አቅም 400 ፓውንድ አካባቢ ነው። የ400 70 በመቶ 280 ነው። ያንተና የልጅህ ከነዕቃው 275 በጥብቅም ቢሆን ገባ። ለዓመታት በብዛት ስለተሸጠ ያገለገለ ማግኘት አያስቸግርም። እሱ ካልተገኘ ቅርጹን ይዘህ ፈልግ፤ ስሙ አይደለም ዋናው።

ድክመቱንም ልንገርህ። ቀርፋፋ ነው። መቀመጫህ ርጥብ ይሆናል። አንተና ባለቤትህ አብራችሁ ከሆናችሁ ከ70 በመቶው ታልፋላችሁ፤ ዕቃ ትታችሁ፣ አየሩ ጸጥ ያለ ቀን፣ ከዳር ሳትርቁ ካልሆነ አልመክርም። ሁለት ልጅ አንድ ላይ መጫንም የለም። ልጁ እያደገ ሲሄድ ሂሳቡን በየዓመቱ እንደገና ሥራው፤ 60 ፓውንድ ሲያልፍ ይሄ ካያክ ለሁለታችሁ ከነዕቃው አይበቃም።

ያገለገለ ስትገዛ የት እንደምታይ እወቅ። ካያኩን ገልብጠው። የኋላው ጫፍ ታች በኩል አስፋልት ላይ ሲጎተት የሚያልቅ ቦታ ነው። በአውራ ጣትህ ጫነው፤ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚሰረጉድ ከሆነ ፕላስቲኩ ሳስቷል። ቀጥሎ የስልክህን መብራት አብራና የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ዙሪያ፣ በተለይ መቀመጫው ሥር ያሉትን፣ አንድ በአንድ እይ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ካገኘህ ትተህ ሂድ። ሻጩ «ማጣበቂያ ትቀባዋለህ» ይልህ ይሆናል። ካያክ የሚሠራበት ፖሊኤትሊን የተባለ ፕላስቲክ ግን አብዛኛውን ማጣበቂያ አይቀበልም፤ በሙቀት መበየድ አለበት። ጭረት ምንም አይደለም፣ ጭረት የሌለው ያገለገለ ካያክ የለም። ቀለሙ ነጥቶ እጅህ ላይ እንደ ጠመኔ የሚቀር ከሆነ ግን ለዓመታት ፀሐይ ላይ ተጥሎ ከርሟልና ተወው። ሻጩ ከፈቀደልህ ሁለት ባልዲ ውሃ በክዳኑ በኩል ወደ ውስጥ አፍስስ፣ ትንሽ ወዲያና ወዲህ አወዛውዘው፣ ከታች ጠብታ መኖሩን እይ። ከጨረስክ በኋላ በውታፉ ታፈሰዋለህ።

ኋላው ላይ በቀኝ በኩል የካያኩ መለያ የሆነ 12 ፊደልና ቁጥር ታትሞበታል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉን ዓመት ይነግሩሃል። ተፍቆ ከሆነ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል አትንካው። ካለ ፎቶ አንሳው፤ ካያክህ አንድ ቀን ቢጠፋ ለፖሊስ የምትሰጠው እሱን ነው።

ለመግዛት ጥሩው ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው። የሚያከራዩ ቤቶች ወቅቱ ሲያልቅ የዓመቱን ካያኮች ይሸጣሉ፤ ሰዎችም ጋራዣቸውን ሲያጸዱ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ያወጣሉ። ሚያዝያ ላይ ያው ዕቃ ይወደዳል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ፦ ቦይድስ አጠገብ ብላክ ሂል ፓርክ ያለው ሊትል ሴኔካ ሐይቅ በወቅቱ ካያክ ያከራያል። ባለሁለት ሰውን ተከራይና ከልጅህ ጋር ሞክረው። ልጁ ፈርቶ ካለቀሰ ወይም አንተን ወገብህን ካመመህ 400 ዶላር ሳታወጣ ታውቃለህ።

በጀቱን በዚህ መልክ አስበው። ካያኩ ከ400 ዶላር እንዳይበልጥ። ያንተና የልጅህ ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ) 105። መቅዘፊያ አብሮ ካልመጣ 55፤ ለሰፊ ካያክ 240 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ይሻላል፣ አጭሩ ጉልበትህን ይጨርሰዋል። መኪናህ ጣሪያ ላይ የሚደረግ ፎምና ማሰሪያ 45። ፊሽካና ውሃ የማያስገባ ከረጢት 20። ድምሩ 625 ነው። የቀረው ለማጥመጃ ፈቃድና ለሐይቁ መግቢያ። ከገንዘቡ ላይ መቀነስ ካለብህ ከካያኩ ቀንስ፣ ከጃኬቱ አትቀንስ።

ጃኬቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። ኮስት ጋርድ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት በጀልባ አደጋ ሰምጠው ከሞቱት ሰዎች ከአሥሩ ስምንት የሚበልጡት ጃኬት ያልለበሱ ናቸው።  ካያክ ላይ ጃኬት መያዝ ማለት መልበስ ማለት ነው፤ ዚፑ ተዘግቶ፣ ማሰሪያው ጠብቆ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዲህ ባለ ትንሽ ጀልባ ላይ ሲሄድ እንዲለብስ ሕግ ያስገድዳል። የልጅ ጃኬት የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው። ልጅህ 55 ፓውንድ ስለሆነ ከ50 እስከ 90 የሚለው ነው የሱ። «ያድግበታል» ተብሎ ትልቅ አይገዛም። አልብሰውና በትከሻው በኩል ይዘህ ወደ ላይ ሳብ አድርገው። ጃኬቱ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፍቷል። በራሱ የሚነፋው ዓይነት ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልተፈቀደም። ገንዳ ላይ የሚጠለቀው የክንድ ላስቲክ ደግሞ ጃኬት አይደለም።

ስለ ዋናው፦ ሰፊ ካያክ የዋናን ቦታ አይተካም። ብዙዎቻችን ሐይቅ ዳር አድገን እንኳ ሳንማር ቀርተናል። የሞንጎመሪ ካውንቲ መዋኛዎች ለአዋቂ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ክረምቱን ተማር። ካያኩን ከገዛህ በኋላ ደግሞ ሐምሌ ላይ፣ ውሃው ሲሞቅ፣ ደረት በሚደርስ ቦታ ሆን ብለህ ገልብጠው። መልሰህ ቀና አድርገው። ጎኑን ይዘህ እግርህን እየመታህ ሆድህን ላዩ ላይ ጣል፣ ከዚያ ዞረህ መቀመጫህን አሳርፍ፣ መጨረሻ እግርህን አስገባ። ሆድ፣ መቀመጫ፣ እግር። ቀጥሎ ልጁን እንዴት እንደምታወጣ ተለማመድ። ይህንን ሳታደርግ ልጁን ይዘህ ከዳር አትራቅ።

የሚያዝያ ፀሐይ እንዳያታልልህ። አየሩ ሲሞቅ ውሃው ገና ክረምት ላይ ነው። ከ60 ዲግሪ ፋራናይት በታች የሆነ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ጃኬት ከሌለው ውሃ ወደ ሳንባው የሚገባው በዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ ነው። እጅና እግርም ብዙ ሳይቆዩ አልታዘዝ ይላሉ። ልጅህን ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ብቻ ይዘህ ውጣ።

ቦታን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ትንንሽ ሐይቅ ላይ አሳልፍ። ሊትል ሴኔካ፣ ጌይዘርስበርግ አጠገብ ያለው ክሎፐር ሐይቅ፣ ወይም ቨርጂኒያ ተሻግረህ በርክ ሐይቅ። ባስና ብሉጊል የሚባሉ ዓሣዎች አሏቸው፤ ብሉጊል ለልጅ ትል አድርጎ መጣል ብቻ ስለሆነ አይሰለቸውም። የፖቶማክ ወንዝ በግሬት ፎልስና በሊትል ፎልስ መሐል ላንተ የተዘጋ እንደሆነ ቁጠረው። ላዩ ጸጥ ብሎ ይታያል፣ ሥሩ ይጎትታል፤ በየጊዜው ሰው ይሞትበታል። ሐይቅ ላይም ቢሆን ነፋሱ በሰዓት ከ10 ማይል ካለፈ አትውጣ። ስትወጣ መጀመሪያ ነፋሱን ተቃወም፤ ሲደክምህ እሱ ወደ ቤት ይመልስሃል። መልህቅ ከጣልክ ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ እሰረው፣ ከጎን በፍጹም። ወራጅ ውሃ ላይ ጭራሽ አትጣለው።

መኪናው ላይ ስትጭን ተራ ጠፍር ማሰሪያ ተጠቀም። በማጥበቂያ ብረት የሚሳበው ዓይነት ፕላስቲኩን ያጎብጠዋል። ሀይዌይ ላይ ከሆንክ ከፊትና ከኋላም እሰር። ማሰሪያውን አንዴ ጠምዘዝ ካደረግከው በነፋስ አይጮህም።

ፈቃድ ዕድሜው 16 ዓመት ከሞላው ጀምሮ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ልጁ አያስፈልገውም። ሜሪላንድ ሁለት ዓይነት አላት፤ አንዱ ለሐይቅና ለላይኛው ወንዝ፣ ሌላው የባሕሩ ውሃ በየቀኑ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ። አንተ የመጀመሪያውን ነው የምትገዛው። ወደፊት ትንሿን የኤሌክትሪክ ሞተር ልጨምር ብትል ካያኩ ማስመዝገብን ይጠይቃል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሐምሌ (ጁላይ) 1972 ወዲህ ከተወለድክ ደግሞ የጀልባ ትምህርት የምስክር ወረቀት ያስፈልግሃል። በመቅዘፊያ ብቻ ከሄድክ ሁለቱም የሉብህም። ስለዚህ በ700 ዶላሩ ውስጥ ሞተር አታስገባ፤ አሁን ጃኬቶቹን ግዛ፣ ሊትል ሴኔካ ላይ ተከራይተህ ሞክር፣ መስከረም ሲገባ ካያኩን ፈልግ።